ደባርቅ ላይ የሚያድር እንግዳ

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚሄድ መኪና ወለቃን አልፎ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ተሳፋሪው ጋቢና ሹራቡን ከቦርሳው ይጎትታል። ኮሶዬ ላይ ደጋው ከመንገዱ ዳር በድንገት ይቆረጥና ቆላው ከታች ይዘረጋል፤ ካሜራ የያዘ ሁሉ የሚወርደው እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ምድሩ ይረጋጋል። አምባ ጊዮርጊስ ያልፋል፣ የወገራ ሜዳ ይከተላል። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ በየመሀሉም ባሕር ዛፍ የከበባቸው የቆርቆሮ ቤቶች። ጥቅምት ላይ የመጣ ሰው ገብሱን ቢጫ መልበስ ሲጀምር ያገኘዋል፤ ነፋስ ሲነካው ሜዳው በሞላ ይንቀሳቀሳል። ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ዳባት ይደረሳል፤ ከዳባት ደባርቅ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

የሕዝብ አውቶቡስ ዳባት ላይ ይቆማል። ቆሎ፣ ዳቦና የተቀቀለ ድንች በሳፋ የያዙ ሴቶችና ልጆች ወደ መስኮቱ ይጠጋሉ፤ ተሳፋሪው ይገዛል፣ ወሬ ይጠይቃል፣ የገበያውን ዋጋ ይሰማል። ጎብኚ የያዘ ላንድክሩዘር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይቆም ያልፋል። ደባርቅ ላይ የሚቆመውም ለቲኬትና ለጠባቂ ያህል ነው፤ ወረቀቱ እንዳለቀ በፓርኩ ውስጥ ወዳለው የሳንቃበር ካምፕ ይገሰግሳል። ስለ ስሜን ተራሮች የተጻፉ የጉዞ ጽሑፎችን ያነበበ ሰው ተራራው ከሰማይ የተንጠለጠለ ይመስለዋል፤ ከግርጌው ከተማ፣ ገበያ፣ የጦር ሜዳና የነገሥታት ታሪክ እንዳለ የሚነግረው የለም። ይህ ያንገበግበኛል። የስሜን ጉብኝት የሚጀምረው ከወገራ ገብስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዳባትና ደባርቅም እንግዳ ሊያድርባቸው የሚገባ ከተሞች ናቸው።

ነገሩን ለማስረዳት ራቅ ወዳለ አገር ልሂድ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት የጻፈው 12 ቦታዎችን ብቻ ነበር። ከእነዚያ ሁለቱ የኢትዮጵያ ናቸው፦ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ሁለቱ ደግሞ የደቡብ አሜሪካዋ ኢኳዶር ናቸው፦ የጋላፓጎስ ደሴቶችና ዋና ከተማዋ ኪቶ። ሁለቱም አገሮች አንድ የተፈጥሮ፣ አንድ የሰው እጅ ሥራ ይዘው በመጀመሪያው ቀን ገቡ ማለት ነው። የሚገርመው ሌላም አለ። ኪቶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደባርቅም እንዲሁ። የኪቶ ሰው ጠዋት ካፖርት ለብሶ ይወጣል፣ ቀትር ላይ ያወልቃል፣ ሲመሽ መልሶ ይደርባል። ደባርቅ ያደገ ሰው ይህን ኑሮ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ኪቶን ስፔናውያን የቆረቆሯት እ.ኤ.አ. በ1534 ሲሆን ከፒቺንቻ እሳተ ገሞራ ሥር በጠባብና ረጅም ሸለቆ ተዘርግታለች። እንግዳ የሚያየው አያጣም። ግንባታዋ በ1605 ተጀምሮ 160 ዓመት ያህል የፈጀው ላ ኮምፓኒያ ቤተ ክርስቲያን ውስጡ ከግድግዳ እስከ ጣሪያ በወርቅ ቅብ የተለበጠ ነው። የብሔራዊ ስእለት ባዚሊካ በሚባለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ላይ ደግሞ ከጣሪያው ጠርዝ ብቅ ብቅ ያሉት ቅርጻ ቅርጾች እንደ አውሮፓ ካቴድራሎች ጭራቆች አይደሉም፤ ኤሊ፣ ኢጓናና አርማዲሎ፣ የአገሩ እንስሳት ናቸው። በኤል ፓኔሲዮ ኮረብታ አናት ላይ ክንፍ ያላት የድንግል ማርያም ሐውልት ከተማዋን ቁልቁል ታያለች። ከከተማዋ በስተሰሜን የምድር ወገብ ሐውልት ቆሟል፤ አንድ እግሩን በሰሜን፣ አንዱን በደቡብ ንፍቀ ክበብ አድርጎ ፎቶ የማይነሳ እንግዳ የለም፤ ምንም እንኳ ዛሬ በሳተላይት ሲለካ እውነተኛው መስመር ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ፈቀቅ ብሎ ቢገኝም።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚስበኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው በገመድ የሚሄድ መጓጓዣ ነው። ከከተማዋ ዳር ተነስቶ ሰውን በፒቺንቻ ወገብ ላይ፣ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያደርሳል። ቁርሱን ከተማ የበላ ሰው ነፋሻው አምባ ላይ ወጥቶ ከተማዋን ያያል፣ ለምሳ ይመለሳል፣ ማታ በአሮጌው ሰፈር ያድራል። እ.ኤ.አ. በ1987 የመሬት መንቀጥቀጥ አሮጌውን ሰፈር ሲጎዳው ከተማዋ ለቅርስ ጥገና የሚውል ልዩ ፈንድ አቁማ ሕንፃዎቿን አንድ በአንድ አድሳለች። ኪቶ ተራራዋን ከከተማዋ ለይታ አታሳይም፤ ሁለቱ አንድ ጉብኝት ናቸው። ስሜን ላይ የገመድ መጓጓዣ ይዘርጋ ማለቴ አይደለም፤ ዋልያ ያለበት ገደል ጸጥታ ይፈልጋል። በሀብትም ዋና ከተማን ከዞን ከተማ ጋር ማወዳደር አይቻልም። ተራራ ሊያይ የመጣን ሰው በከተማ ማሳደር ግን ደባርቅም የምትችለው ነገር ነው።

ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚህ ነው፤ ወደ ተራራው የሚወጣ ሁሉ መግቢያውን የሚከፍለው፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት የሚመደብለት እዚህ ነው። ስካውቱ ግዴታ ነው። አስጎብኚውን፣ በቅሎውን፣ ባለ በቅሎውንና ምግብ አብሳዩን የሚያገኘውም ከዚሁ ከተማ ነው። ሥራው በተራ ይዞራል፤ ተራው የደረሰው ይወጣል፣ ያልደረሰው ይጠብቃል። ይህ ሥርዓት ለውጭ ሰው ወረቀት ማብዛት ሊመስለው ይችላል። ለእኔ ግን ደባርቅ ውስጥ ሊታይ ከሚገባው ሁሉ አንዱ ነው። ለአምስት ቀን ጉዞ የሚወጣ አንድ ትንሽ ቡድን ስካውት፣ አስጎብኚ፣ አብሳይና ባለ በቅሎዎች ይዞ ይወጣል፤ የእያንዳንዳቸው ቤተሰብ ማገዶ፣ ዘይትና የትምህርት ቤት ደብተር ከዚያ ጉዞ ይወጣል። እንግዳው አንድ ሌሊት ጨምሮ ከተማ ካደረ ደግሞ ሻይ ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ፣ የእንግዳ ማረፊያው፣ የባጃጁ ልጅ ይጨመሩበታል።

በገበያ ቀን ከተማዋ ሌላ መልክ ይኖራታል። ከጃናሞራና ከበየዳ ደጋ የመጡት ገብስ፣ ድንችና በግ ያወርዳሉ፤ ከአዲ አርቃይና ከጠለምት ቆላ የወጡት ማሽላና ማር ይዘው ይመጣሉ። ደገኛው በወፍራም ጋቢና በበግ ፀጉር ኮፍያ ይታወቃል፤ ቆለኛው በስስ ነጠላው እየተንቀጠቀጠ ፀሐይ የሚያርፍበት ጥግ ይፈልጋል። የስሜንን የከፍታ ልዩነት በካርታ ከማንበብ ይልቅ በዚህ ገበያ አንድ ሰዓት መቆም በተሻለ ያስረዳል።

ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ሰሜን ጥቂት ሲኬድ ሜዳው ያልቃል። እዚህ ወልከፊትና ሊማሊሞ ናቸው። ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ቁልቁለት፣ ከዚያም ባሻገር አንዱ ከአንዱ ኋላ የተደረደሩ የአምባ ጫፎችን ያያል። በዚህ ግድግዳ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወርደውን መንገድ የጠረቡት ጣልያኖች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1936 በኋላ አሥመራን ከጎንደር ለማገናኘት። ከባድ መኪናዎች ዛሬም በአንደኛ ማርሽ እያቃሰቱ ይወጡታል፤ የፍሬን ሽታ ከገደሉ ይሰማል። አፋፉ ላይ ጽድና ኮሶ፣ አስታም አለ፤ ታች ዛሪማ አካባቢ ሲደረስ ግራር፣ ሙቀትና አቧራ ይቀበላል። በጥቂት ሰዓት ጉዞ ውስጥ ከውርጭ ወደ ቆላ ፀሐይ የሚወስድ እንዲህ ያለ መንገድ በአገራችን ብዙ የለም።

ወልከፊት ደግሞ የጦር ታሪክ ነው። አዲስ አበባ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ እንኳ የጣልያን ጦር ጎንደርን ይዞ ቀጥሎ ነበር። ከሰሜን የሚመጣውን መንገድ የሚዘጋው ምሽግ ይህ የወልከፊት አፋፍ ነበር፤ ከታች ሽቅብ የሚመጣን ሠራዊት ጥቂት መድፍ ይዞ ማገድ የሚቻልበት ቦታ መሆኑን ዛሬ የቆመበት ሁሉ በዓይኑ ያየዋል። በኮሎኔል ማሪዮ ጎኔላ የሚመራው ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ሠራዊት ተከቦ ወራት ቆየ፤ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ጎንደር የወደቀችው ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የጣልያን ግዛት የመጨረሻው መዝጊያ የተከፈተው ደባርቅ አጠገብ ነበር ማለት ይቻላል። ፎቶ አንስቶ የሚመለሰው ጎብኚ ይህን ቢያውቅ ወደዚያ ገደል የሚያይበት ዓይን ይለወጥ ነበር፤ ስለዚህ አስጎብኚዎች ከጭላዳ ዝንጀሮው በፊት ይህን እንዲነግሩ እመኛለሁ።

ገደሉ ራሱስ ከየት መጣ? ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኢትዮጵያን ደጋ የገነባው የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ምድሩን በድርብርብ የባዛልት ዓለት አለበሰው። በዚያ ላይ ደግሞ ስሜን ላይ ሰፊ፣ ዝርግ እሳተ ገሞራ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ሥራው የውኃ ነው። ተከዜና ገባሮቹ ዓለቱን ሲበሉት ጠንካራው ቆመ፣ ልሙ ወረደ፤ በአንዳንድ ቦታ 1,500 ሜትር የሚደርሱት ግድግዳዎች የዚያ ቅሪት ናቸው። ደርዞቹን ከአፋፉ ሆኖ መቁጠር ይቻላል፤ እያንዳንዱ አንድ የፈሰሰ እሳት ነው።

ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው የፒስታ መንገድ በገብስ ማሳዎች መካከል አልፎ ወደ ፓርኩ ይገባል። ፓርኩ በአዋጅ የተቋቋመው በጥቅምት 1962 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ቡይት ራስ ላይ ሲደረስ ጭላዳዎች ከመንገዱ ጥቂት ርምጃ ርቀው ሣር ሲነቅሉ ይገኛሉ። አንዳንዴ መቶዎች ናቸው። ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው እየለቀሙ፣ ሳይነሱ በቂጣቸው እየተንሸራተቱ ወደ ቀጣዩ ሣር ይሄዳሉ። በዓለም ላይ ዋና ምግቡ ሣር የሆነ ሌላ የዝንጀሮ ወገን ዛሬ የለም። የጥንት ዘመዶቹ ቅሪተ አካል ከአፍሪካ አልፎ በስፔንና በሕንድ ሳይቀር ተገኝቷል፤ በሕይወት የተረፈው ግን በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ብቻ ነው። የወንዱ ጋማ ከትከሻው እስከ ወገቡ ይወርዳል፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ከሩቅ ይታያል። ሲመሽ ሁሉም በገደሉ ጠርዝ ቁልቁል ወርደው ነብርና ጅብ በማይደርስበት የዓለት ጫፍ ላይ ያድራሉ፤ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ እየተንጫጩ ይወጣሉ። ያን ጫጫታ በአፋፉ ላይ ተቀምጦ መስማት፣ በእኔ ሚዛን፣ ራስ ዳሸን ከመውጣት አያንስም።

እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ እዚህ ጭላዳዎችን አንድ በአንድ ለይተው የሚከታተሉ ተመራማሪዎች አሉ። ካገኟቸው ነገሮች አንዱ ሳይንስን ያስደነቀ ነው። ጭላዳ የሚኖረው አንድ ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ልጆቻቸው ባሉበት ቤተሰብ ነው። ሌላ ወንድ ባለቤቱን አሸንፎ ቤተሰቡን ሲነጥቅ፣ እርጉዝ ከሆኑት ሴቶች አብዛኞቹ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፅንሳቸውን ያጣሉ። አዲሱ ወንድ ከእሱ ያልተወለደን ግልገል ብዙ ጊዜ ስለሚገድል ሰውነታቸው የማይተርፍ ልጅ መሸከሙን የሚተው ይመስላል። ይህ ነገር በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ በዱር በሚኖር እንስሳ ላይ በግልጽ የታየው ግን እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የስሜን ጭላዳዎች ጥናት ነው። የገብስ ባለቤት ለሆነው ገበሬ ግን ጭላዳ ሌላ ነገር ነው። እህሉ ሲያሽት ልጆች ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው ከማለዳ እስከ ማታ ማሳ ይጠብቃሉ። ጎብኚው በደስታ የሚያየውን መንጋ እነሱ በሥጋት ያዩታል፤ ፓርኩን ሊያስከብር የሚፈልግ ሁሉ ይህን የልጆቹን ቀን ማስላት አለበት።

ከሳንቃበር ጥቂት አልፎ የጅንባር ፏፏቴ ይገኛል። ወንዙ ከገደሉ ተወርውሮ ወደ 500 ሜትር ገደማ ወደሚጠልቅ ገደል ይገባል፤ ከክረምትና ከማብቂያው ሰሞን ውጭ ግን ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። ወደ ግጭ ሲወጣ አስታው ይሳሳና ጓሳ ሣርና ጅብራ ይተኩታል። ጅብራ ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚሆን አንድ ግንድ አበባ ያወጣል፣ ከዚያ ይሞታል። ውርጭ ሌሊት ሌሊት ሲመጣ ቅጠሉን አጥፎ ልቡን የሚሸፍን ተክል ነው። ከግጭ የሚደረስባት እሜት ጎጎ ሦስት ጎኗ ገደል የሆነ የዓለት አፍንጫ ናት፤ ቁመቷ 3,926 ሜትር ነው። የስሜንን ሙሉ ስፋት ከአንድ ቦታ ማየት የሚሻ እዚህ ይምጣ።

ግጭ ግን ጥያቄም ያስነሳል። በዚህ አምባ ላይ አብዛኞቹ ሙስሊሞች የሆኑ ገበሬዎች መንደር ነበር፤ ገብስ ያበቅሉ፣ በግና ፍየል ያረቡ ነበር። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ከምክንያቶቹ መካከል እርሻው፣ ግጦሹና በፓርኩ ውስጥ ያለው ሰፈራ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017፣ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በፖላንዷ ክራኮቭ ተሰብስቦ ስሜንን ከአደጋው ዝርዝር አወጣ። ክራኮቭ ራሷ ከስሜንና ከኪቶ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ከተጻፉት 12 አንዷ ናት። የስሜን ከአደጋው ዝርዝር መውጣት ለኢትዮጵያ ታላቅ ዜና ነበር። ገብስ ሲያበቅል ኖሮ በከተማ ዳር ኑሮ ለጀመረው አባወራ ግን ዜናው የሚለካው በሌላ ነገር ነው። ደባርቅ ላይ የሚያድር እንግዳ ለእነዚህ ሰዎች ሥራ ካልፈጠረ፣ ፓርኩ ከእነሱ የወሰደውን አልመለሰም እላለሁ።

ግጦሹ የቀረበት ሣር በበኩሉ አደገ፣ ደረቀ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. እሳት በፓርኩ ውስጥ በተደጋጋሚ ተነሳ። ነዋሪው ቅጠልና አፈር ይዞ ወጣ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ያን ሰሞን ከዳባትና ከደባርቅ በመኪናና በእግር ወደ እሳቱ የዘመተው ወጣት ማን የፓርኩ ባለቤት እንደሆነ አሳይቷል።

ጨነቅ ላይ ዋልያ አለ። ከ3,600 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ሰፈር ማለዳ ተነስቶ ገደሉን በትዕግሥት የሚቃኝ ሰው ብዙ ጊዜ አያጣውም። የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ ታጥፎ ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ሰው ቆሞ ማየት በሚፈራበት ጠርዝ ላይ ግልገሎች ይዘላሉ። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ስሜን መጥቶ ዋልያንና ጭላዳን ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ። ከአንድ ክፍለ ዘመን ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ግን ጠመንጃ ብዙውን ዋልያ ጨረሰው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቀረው ከ200 እንደማይበልጥ ይገመት ነበር። ፓርኩ ከተቋቋመ በኋላ ቀስ በቀስ አገግሞ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ከ800 በላይ ደረሰ። በቅርብ ዓመታት ግን ቁጥሩ በእጅጉ ወርዷል። በብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ስም ላይ ያለው እንስሳ ከስሜን ውጭ የትም በዱር አይኖርም፤ እዚህ ካለቀ አለቀ። ቀይ ቀበሮም በዚሁ ከፍታ ላይ አይጥ እያደነ ይኖራል፤ በዓለም ያለው በጠቅላላው 500 ገደማ ነው፣ ስሜን ውስጥ ያለው የዚያ ትንሽ ክፍል ነው።

ከጨነቅ ቧሂትን፣ 4,430 ሜትር የሚጠጋውን፣ ወጥቶ ወደ መሸሃ ወንዝ መውረድና ወደ አምቢኮ መሻገር ወደ ራስ ዳሸን የሚወስደው የእግር መንገድ ነው። ራስ ዳሸን በበየዳ ወረዳ ነው። የድሮ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ይሉታል፤ አዲሱ ልኬት 4,550 ያህል ነው። ጫፉ ላይ ከመድረስ ይልቅ ከባዱ ወንዙ ድረስ ወርዶ የወረዱትን ሁሉ መልሶ መውጣት ነው። በከፍታው ላይ በረዶ ይጥላል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አንድ የአክሱም ንጉሥ አዱሊስ ላይ ባስቀረጸውና ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በገለበጠው ጽሑፍ ውስጥ፣ ሠራዊቱ በስሜን እስከ ጉልበት የሚደርስ በረዶ እንዳገጠመው ተጠቅሷል።

ተራራው ለነገሥታት ምሽግ ነበር። ቤተ እስራኤሎች በዚህ አምባ ላይ ለዘመናት ራሳቸውን አስከብረው ኖረዋል፤ አፄ ሠርፀ ድንግልና አፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ይዘው የመጡት ወደዚህ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ስሜን የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አገር ነበር። ውቤ ደረስጌ ላይ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ግንባታውን የመራው ኤድዋርድ ዛንደር የተባለ ጀርመናዊ ነበር። እዚያ ሊነግሡበት አስበው እንደነበር ይነገራል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ከቋራ የመጣው ካሣ ኃይሉ ደረስጌ አጠገብ ውቤን ድል አደረገ፤ በቀናት ውስጥ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ቴዎድሮስ ተባለ። የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ ኋላ የቴዎድሮስ ሚስትና የልዑል ዓለማየሁ እናት ሆነች። እቴጌ ጣይቱም የውቤ የወንድም ልጅ ናቸው። የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ የሚጀመርበት ይህ ቤተ ክርስቲያን በጃናሞራ ወረዳ ይገኛል፤ ወደ ስሜን ከሚመጡት መካከል ወደዚያ የሚያቀኑት ግን ጥቂቶች ናቸው። ጭላዳ አይቶ ደረስጌን ሳያይ የሚመለስ የአገር ልጅ፣ ግማሹን ትቶ እንደሄደ ቢነገረው ደስ ይለኛል።

ስለ ዳባት ስናወራ የሚታለፍ ሐዘን አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በሰሜኑ ጦርነት ወቅት በዳባት ወረዳ ጭና ላይ ብዙ ሲቪሎች ተገደሉ። ውጊያው ደባርቅን ተጠግቶ ነበር። ከዚያ በፊት ኮሮና፣ ከዚያ በኋላ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ተደራርበው የእንግዳ ማረፊያዎቹን ባዶ አደረጉ። ተራ የሚጠብቀው አስጎብኚ ተራው ሳይደርስ ወራት ያልፋሉ፤ በቅሎዎች ለጭነት እንጂ ለእንግዳ አይወጡም። በዚያው ዳባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የነዋሪውን ልደት፣ ሞትና ጤና ቤት ለቤት እየመዘገበ የሚከታተልበት የምርምር ማዕከል አለ። አንድን ወረዳ ለዚህን ያህል ጊዜ በትዕግሥት መመዝገብ ራሱ የሚከበር ሥራ ነው፤ እነዚህ ዓመታት በሰው ላይ ያደረሱትን ለመጪው ትውልድ የሚነግርም እንዲህ ያለ መዝገብ ይመስለኛል።

መንገዱ ክፍት ሲሆንና ሰላም ሲገኝ ለመሄድ ለሚያስብ ጥሩው ወቅት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ነው፤ መስከረም ላይ አደይ አበባ ሜዳውን ይሸፍናል፣ ጅንባር ሙሉ ነው፣ አየሩ ከዝናብ በኋላ ይጠራል። ከጥር እስከ የካቲት ሌሊቱ ውርጭ ይሆናል፣ ቀኑ ግን ብሩህ ነው። ከጎንደር በጠዋት ተነስቶ ኮሶዬና ዳባት ላይ እየቆሙ ደባርቅ ማደር፣ በማግስቱ ወልከፊትና ሊማሊሞን በእግር ማየት ሰውነትን ለከፍታው ያለማምዳል፤ በቀጥታ ከጎንደር ጨነቅ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይጠብቀዋል። ሦስተኛው ቀን ለቡይት ራስና ለሳንቃበር ይሁን። ጊዜ ያለው ወደ ጨነቅና ወደ ራስ ዳሸን ይቀጥል፤ ታሪክ የሚወድ ለደረስጌ ተጨማሪ ቀን ይያዝ። ከመነሳት በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ ደባርቅ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ወይም አስጎብኚዎችን መጠየቅ የግድ ነው፤ ሁሉንም ዕቃ ከአዲስ አበባ ጭኖ ከመምጣት ይልቅም ስንቁን፣ ጋቢውንና የበግ ፀጉር ኮፍያውን ከደባርቅ ገበያ መግዛት ይሻላል።